ከምላስ ሥር ያለው ባቄላ

ሐረገ ወይን ወሬ ትወዳለች። ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው ትንሽ ከተማ ጨው ልትገዛ ገበያ ከወጣች፣ የጨው ሻጩን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ደኅንነት ሳትጠይቅ አትመለስም። እግዜር ደግሞ ጨዋታ ያውቃልና እንጀራዋን በዝምታ ላይ አደረገው። በደል ደረሰባቸው የተባሉ ልጆችን ቃል በፖሊስ ጣቢያ የምትቀበለው እሷ ናት።

በ2001 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስትሠለጥን «ለልጅ ቃል አታጉርሱ፤ ጠይቁና ዝም በሉ» ተባለች። መጠየቁ አላስቸገራትም። ለዝምታው ግን መላ ያገኘችው ከጓዳዋ ነው፤ ልጅ ፊት ስትቀመጥ አንድ ጥሬ ባቄላ ከምላሷ ሥር ታደርጋለች።

የዮርዳኖስ ጉዳይ ሲደርሳት የጣቢያው መርማሪ አምሳ አለቃ ጣሰው መዝገቡን ሊዘጋው ነበር። አባቷ የሞተባት የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ክንዷ ተሰብሯል። አጎቷ ይበልጣል ጣቢያ ድረስ ይዟት መጥቶ የእንጀራ እናቷን ዓለሚቱን ከሰሰ። ዓለሚቱ ታስራለች፤ ልጅቱን ሊወስዳት ይበልጣል ደጅ ተቀምጧል።

«ጠይቄያታለሁ እኮ» አለ ጣሰው። «ዓለሚቱ ናት የሰበረችሽ? ብላት፣ አዎ አለችኝ።»

ሐረገ ወይን ወደ ልጅቱ ዞረች። «ስምሽ ካሌብ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ» አለች ዮርዳኖስ።

ጣሰው ጆሮውን አከከ። ልጅቱ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። እዚያ የኔታ ያሉትን መልሶ ማለት ዕውቀት ነው፤ ትልቅ ሰውን «የለም» ማለት ብልግና። ሐረገ ወይንም የራሷን ልጆች ያሳደገችው እንዲሁ ነውና አልፈረደችባትም። ጣሰውን አስወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስሳሳት አርሚኝ። የማታውቂውን አላውቅም በይ፤ የሚቆጣሽ የለም። ክንድሽ የተሰበረ ዕለት የሆነውን እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለችና ባቄላዋን ጎረሰች።

ልጅቱ ዝም አለች። ሐረገ ወይን ተጨነቀች፤ ሰባት ያህል ጥያቄ ከባቄላው ኋላ ይጋፋል። ግንባሯን አላባት። በመጨረሻ የጠየቀችው ልጅቱ ሆነች።

«አፍዎ ውስጥ ምንድን ነው?»

ባቄላውን አውጥታ አሳየቻት። «ወሬኛ ነኝ ልጄ። አፌን የምይዘው በዚህ ነው።»

ዮርዳኖስ ሳቀች። ቀጥላ ባቄላውን ትክ ብላ አየችው።

«የእኔን አፍ የያዘው አጎቴ ነው» አለች። «በዱላ ሲመታኝ ከእጁ ያስጣለችኝ እማ ዓለሚቱ ናት። እሷ ናት ካላልሽ ሌላውንም እጅሽን እሰብረዋለሁ አለኝ።»

ሐረገ ወይን እንባዋ መጣ። ባቄላዋን መልሳ ጎረሰችና ልጅቱ እስክትጨርስ ሰማቻት።

ጣሰው ተጠርቶ ገባና እስክሪብቶውን አወጣ። «እሺ፣ መጀመሪያ ዓለሚቱ ስትመታሽ…»

«የለም ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለችው ዮርዳኖስ።

ሐረገ ወይን ከመቀነቷ አንድ ባቄላ ፈታ ሰጠችው። አምሳ አለቃውም ሳያንገራግር ጎረሰና መጻፍ ጀመረ።

ማምሻውን ይበልጣል እስር ቤት ገባ። ዮርዳኖስ በደህናው እጇ ከእስር የተፈታችውን ዓለሚቱን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።