ከፏፏቴው በላይ በታንኳ

ወዳጆቼ፣ ልብሴ ገና አልደረቀም።

ወደ መቱ የሚያስገባውን ድልድይ ጣሊያን ስለዘጋው ዛሬ ጠዋት የሶርን ወንዝ ከፏፏቴው በላይ በታንኳ ተሻገርን።

ቀዛፊው ኦቦ ቶለሳ ሳንሳፈር አስተማሩን። "የታንኳው ፊት አፍንጫ፣ ጠርዙ ከንፈር፣ ውስጡ ሆድ ይባላል። ከንፈሩን አትጨብጡ፣ ይገለበጣል። ውሃው ላይ ወሬ የለም። መቅዘፊያውን አንዴ ካንኳኳሁ አትነቃነቁ።"

"ሁለቴስ፣ ጋሼ?" አልኩ።

"ሆዱ ውስጥ ተኙ።"

(ከንፈሩን ግን ገና ስቀመጥ ጨብጬው ነበር።)

መሃል ወንዝ ስንደርስ ሁለቴ አንኳኩ። ማዶ የጣሊያን ወታደሮች ቆመዋል። ውሃ ባቆረው ሆዱ ውስጥ ተጋደምኩ።

ወታደሮቹ ሳያዩን ሲሄዱ ቀና ስል፣ ጀርባዬን አስደግፌበት በነበረው እንጨት ላይ በጨርቅ የተወተፉ ሦስት የጥይት ቀዳዳዎች አየሁ።

ነገ በዚያው እመለሳለሁ። የተሻገራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እናንተ የት ጋ ተቀመጣችሁ?