ከሥር አንድ ቀዳዳ

አያቴ አሮጌ ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም ነበር። ከሚሴ ያለው ግቢያችን በባጃጅ ጎማ፣ እጀታው በተሰበረ ማንቆርቆሪያና በእኛ በልጅ ልጆቻቸው ያረጀ ጫማ ተሞልቷል፤ ሁሉም ውስጥ አበባ አለ። ለማንቆርቆሪያውማ በቀለም ዓይን ስለውለታል። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆመው «አካም ቡልቴ?» ይሉታል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ጎረቤት ሲስቅባቸው አብረው ይስቃሉ።

አፈር ከመሙላታቸው በፊት ግን ሁሌም የዕቃውን ሥር በሚስማር ይበሱታል። ልጅ ሆኜ፣ ገና ያልጠገብኩትን ጫማዬን ሲበሱት ደርሼ ጮህኩባቸው።

«ተይ ልጄ፣ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል» አሉኝ።

የሞቱ ጊዜ የመጣው ሰው ሁሉ «ሰብር አድርጊ፣ አታልቅሺ» አለኝ። እኔም ቻልኩት። እንግዳ አስተናገድኩ፣ ዕቃ አጠብኩ፤ ዓይኔ እንደደረቀ ወር አለፈ። ማንቆርቆሪያውንም እንዴት አደርክ ያለው የለም።

ትናንት አያቴ መስጊድ ይሄዱበት የነበረውን ጫማ ከደጃፉ አነሳሁት። አበባ ልተክልበት ነበር። ሚስማሩን ፈልጌ አገኘሁና፣ ሶሉ ላይ አድርጌ በድንጋይ መታሁት። ጫማው ሲበሳ ድንጋዩን ጣልኩት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና፣ ማንቆርቆሪያው በተሳለለት ዓይኑ እያየኝ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።