ማንም ያላዘዘኝ ሩጫ

ዛሬ ዛሬ ወዳጆቼ ስፖርት የሚሠሩት ቦርጭ ለማጥፋት ነው። አንዱ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ እያሳየኝ፣ «ይቺን ካወረድኳት እተወዋለሁ» ይለኛል። መራራ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው የሚያልቅበትን ቀን ይጠብቃል። እኔ ስጀምር ከላዬ ላይ የሚቀነስ ነገር ቢኖር አጥንት ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን አንድም ሳይደበቅ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው፤ ያ ክፉ ድርቅ ሕዝቡን ፈጅቶ ካለፈ፣ አብዮቱም መጥቶ ሁላችንንም ጓድ ካሰኘን በኋላ። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ ተማሪው ስለተበተነ እኛን አስተማሪዎቹን የረሃብተኞች መጠለያው ውስጥ ዱቄት እንድናድል መደቡን፤ እዚያው ስሰፍር ተስቦ ያዘኝ። ሁለት ወር ተኝቼ ስነሳ ከአልጋዬ እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ መያዝ ነበረብኝ። ሥራ ከጀመርኩም በኋላ ጉልበቴ አልመለስ አለ። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ወንበር የምፈልግ ጎልማሳ ሆንኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቴን አዳምጦ፣ «ምንም የለህም፤ ተንቀሳቀስ» አለኝ።

«ምን ያህል?»

«ደስ እስኪልህ።»

በዚያ ዘመን ከዚህ የከበደ ትእዛዝ አልነበረም። ኪኒን ቢሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ የቀበሌውን የሰልፍ ልምምድ ሞከርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዱላ በትከሻችን ይዘን ግራ ቀኝ እንል ነበር። ዱላው ጠመንጃ ነው ተባልን፤ አመንን። ከበርቴውን እየረገጥን ነው የምንራመደው ተባልን፤ መካነ ሰላም ውስጥ ስንት ከበርቴ እንዳለ ማንም ባያውቅም ይህንንም አመንን። ደስታ ግን በትእዛዝ አልመጣልኝም። ሁልጊዜ ሌላው ሁሉ ቀኝ ሲል እኔ ግራ ስለምል፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ዱላ ማጅራቴን ያገኘው ነበር።

ቀጥሎ የቤት አከራዬ መከሩኝ። ባላቸው የሞተባቸው፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን ቅቤ የሆነ ሴት ነበሩ። «ስገድ» አሉኝ፣ «ለነፍስህም ለጉልበትህም ይሆናል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አይደል?» ሰገድኩ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ግንባሬን መሬት እንዳስነካሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሳቸው በበሩ ሽንቁር አይተው ኖሮ፣ ተመስጦ ነው ብለው ለጎረቤት አወሩልኝ።

ሩጫውን ያገኘሁት ፈልጌው አይደለም። አንድ ቀን ማለዳ በወግዲ መንገድ እየተጎተትኩ ስሄድ ዝናብ ደረሰብኝና ወደ ደብሩ ደጀ ሰላም ሮጥኩ። ርቀቱ ይህን ያህል አልነበረም። ደርሼ በሩን ተደግፌ ስተነፍስ ግን የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ሳቅ ነው። ልቤ ይመታል፣ ሳንባዬ ይቃጠላል፣ ውሃው ከፀጉሬ ይወርዳል፤ እኔ እስቃለሁ። ከድርቁ ወዲህ ብቻዬን ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ ዝናብ ሳይኖር ሮጥኩ።

ችግሩ ውሻ ነው። ያገራችን ውሻ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ሌባ እንጂ ሌላ አይታየውም፤ ኋላ እንደተረዳሁት በዚህ ከባለቤቱ አይለይም። ውሻ የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ የደብሩ ቅጥር ዙሪያ። መሬቱ ሣር ነው፤ በጓሮው በኩል ቁልቁል ይወርድና በጽዶቹ ሥር አድርጎ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ በየማለዳው የቅጥሩን ዙሪያ እዞር ጀመር። ትንፋሼ በሰባተኛው ላይ ስለሚያልቅ ሰባት ጊዜ እዞራለሁ። የሸራ ጫማዬ ስለሚቆረቁረኝ አውልቄ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ። ከበላሁ ስለሚወጋኝ ምንም ሳልቀምስ እወጣለሁ። ዋናው በር ዘንድ ስደርስ ደግሞ እንደማንኛውም ክርስቲያን አማትቤ ጎንበስ እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ማለፍ ከየት ይመጣል?

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንተ ፍረድ። በባዶ እግሩ፣ ባዶ ሆዱን፣ እያማተበ፣ ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ የሚዞር ሰው ብታይ ምን ትላለህ?

አከራዬ ያሉትን አሉ። አንድ ቀን ከወትሮው የሞላ ሽሮ ወጥ አቅርበውልኝ፣ «አብሽር ልጄ፣ የገደለም ይማራል» አሉኝ።

«ማን ገደለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ኸንስሐ አባትህና ኸአንተ መኻል ያለ ነው። ብቻ ሰባት ዙር የሚያሰጥ ኃጢአት ቀላል አይደለም።»

እንግዲህ ከተማው በሙሉ የንስሐ አባቴ ከባድ ቀኖና ሰጥተውኝ ኃጢአቴን በሩጫ የምከፍል መስሎት ኖሯል። ሳቅኩ። ያን ያህል መሳቄም ስህተት ነበር፤ ሲያፍር ይስቃል ተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት ነፍስ ገዳይ ነበርኩ። የሞተ ሰው ሲጠፋ የሰው ሚስት ወሰደ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ብልህ፣ «ይኼ ሰውዬ መጠለያ ውስጥ ዱቄት ሲያድል አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ ግምት አላስፈለገም።

ይኼኛው አያስቅም። በዚያን ጊዜ ሰው የረሃብተኛ እህል በላ ከተባለ የሚሄድበት ይታወቅ ነበር፤ ደሴ ወኅኒ ቤት ድረስ የሚወስደው ጠፍቶ እዚያው ሜዳ ላይ ተረሽኖ የሚቀርም ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከተስቦው በኋላ ሱሪዬን ያጠበበልኝ እሱ ነው። ኮሚቴው ግራና ቀኝ ተቀምጧል፤ በሩም በሰው ተሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ሁሉም በዓይኑ ያባርረኛል።

«ለምንድን ነው የምትሮጠው?» አለኝ።

«ለጤናዬ።»

«ጓድ፣ ያንተን ሱሪ ሁለት ጊዜ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ምንህ ቀርቶ ነው ደግሞ የምትሮጠው?»

«ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኩ።

እውነቱን ከመናገሬ በፊት ሌባ ብቻ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት አገር፣ ልጁን ያልቀበረ በሌለበት፣ ደስ ይለኛል የሚል ሰው ከሌባም የባሰ ሆነ።

የንስሐ አባቴን አስመጧቸው። ትንሽዬ፣ መቋሚያቸው ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። «አባቴ፣ ቀኖና ሰጥተውታል ወይስ አልሰጡትም?» አላቸው ሊቀ መንበሩ።

«አልናገርም።»

እኔው ለመንኳቸው። «አባቴ፣ እኔ ፈቅጃለሁ። አልሰጠሁትም ይበሉልኝ።»

«ዛሬ ላንተ አልሰጠሁም ካልኩ፣ ነገ ስለ ሌላው ሲጠይቁኝ ዝም ብል፣ ዝምታዬ ሰጥቻለሁ ማለት አይሆንም? ልጄ፣ አንተን ላድን ብዬ ሌላውን አሳልፌ አልሰጥም» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እውነታቸውን ነው። በዚያች ሰዓት ግን ጠላኋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እህል አልሰረቅሁም። ግን መጠለያው ውስጥ አንድ ቀን የአክስቴን ፊት ከሰልፉ ኋላ አየሁት። ከወግዲ ወዲያ በእግሯ የመጣች ነች። እጇን ይዤ ከፊት አቆምኳትና ሰፈርኩላት፤ ለልጆቿም ደገምኩላት። በዚያ ቀን ዱቄቱ ሰልፉ ሳያልቅ አለቀ። ጫፍ ላይ የነበረች ሴት ጣሳዋን ገልብጣ አሳየችኝ፣ እኔም እጆቼን ዘርግቼ ባዶ መሆናቸውን አሳየኋት፤ ሄደች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ስለዚህ ሽማግሌው እዚያ ቆመው የሚጠብቁት ምስጢር እንኳ አልነበራቸውም።

ሊቀ መንበሩ ኮሚቴውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ለካ ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም። «ተነሱ» አለ። «ደስ ይለኛል አይደል የሚለው? ይሩጥና እንየው። የቀኖና ፊትና የደስታ ፊት አይጠፋንም።»

ከተማው ተከትሎን ወጣ። ጫማዬን አወለቅሁ። ሰው በጥይት ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ ደስ እንዲለው ታዝዞ በሕዝብ ፊት ሲሮጥ የሚሰማውን ግን አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዙር ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። አከራዬ፣ «ውይ፣ አመመው!» ሲሉ ሰማሁ። በሁለተኛው እንባዬ መጣ። በሦስተኛው ግን፣ በጓሮው ቁልቁል ስወርድ፣ ማን ያየኛል የሚለው ነገር ጠፋኝ። እግሬ ከኔ ቀድሞ ሄደ፤ ነፋሱ ሸሚዜን ሞላው፤ የጽዱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በማዕዘኑ ዞሬ ከሰዉ ፊት ብቅ ስል አፌን ከፍቼ እስቅ ነበር። እንዲህ ስስቅ መያዜ ራሱ ይበልጥ አሳቀኝ፤ ሰባተኛውን ስጨርስ መሬት ላይ ተዘርሬ ሆዴን ይዤ ነበር።

ሊቀ መንበሩ አጠገቤ መጥቶ ቁልቁል አየኝ። «ቀኖና የያዘ ሰው እንዲህ አይስቅም» አለ። «የሕዝብ እህል የበላም እንዲህ አይስቅም። ይኼ በተስቦው የተነካ ነው።» ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ እብድ ነው ብሎ አሰናበተኝ። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ፍርድ ሁሉ ደግ የነበረው እሱ ነው።

እዚያ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ብሎኝ ባበቃሁ። ሰዉ ሲበተን ግን አንዲት የማላውቃት፣ ነጠላዋ የነተበ ሴት ከመሀል ወጣችና ለኮሚቴው ተናገረች፦ «ወላሂ፣ እኔ ድሮም አይሰርቅም ብያለሁ። እኔ ኸመጠለያው ነበርሁ። ማንንም ኸማንም ሳይለይ ነበር የሚሰፍርልን። እግዜር ይስጠው።» ሰዉም፣ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ሌባ ሲሉኝ ያልተሰማኝ ያን ጊዜ ተሰማኝ። ተነስቼ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ሽማግሌውን ተከተልኳቸው። ደጀ ሰላሙ ዘንድ ደርሼባቸው፣ አክስቴን፣ ዱቄቱን፣ ጣሳዋን የገለበጠችውን ሴት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ሩጫው የምርህን ደስ ይልሃል?»

«በጣም፣ አባቴ። ከእንጀራም ይበልጥብኛል።»

«እንግዲያው እስከ ፍልሰታ አትሩጥ።»

ግንቦት ገና መግባቱ ነበር። «ሌላ ይዘዙኝ» አልኩ። «ልስገድ፣ ልጹም።»

«በምትሮጥበት ሰዓት ቁጭ በል» አሉኝ።

«ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?»

«ቁጭ በል።»

ታዘዝኩ። በአራተኛው ቀን አከራዬ እርጎ በዋንጫ ይዘው ገቡና ጉንጬን ሳሙኝ። «ያ ረቢ፣ ተመስገን! ጨረስህ አይደል? ሰዉ ሁሉ ቀኖናውን ፈጸመ፣ ምሕረት አገኘ እያለ ነው» አሉ። የከተማው ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እንኳን ደስ ያለህ ይለኝ ጀመር። አንዳንዱማ ከኮሚቴው ፍርድ በኋላም እብደቱን አላመነም ነበር። እኔም እርጎውን ጠጣሁ፣ ለሁሉም አሜን አልኩ፣ በየማለዳው በተለመደው ሰዓት ደጃፉ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ጉልበቶቼ እንደ ታሰረ በቅሎ ይቁነጠነጡ ነበር። ከዚያ ረጋ አሉ። ያቺ ከሰልፉ ጫፍ የተመለሰች ሴት ምን ትመስል እንደነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ቁጭ ባልኩ በሁለተኛው ሳምንት ግን ፊቷ መጣልኝ፤ ወጣት ነበረች፣ በጀርባዋም ልጅ አዝላ ነበር።