ከግንቡ ማዶ የሚበስለው ጎማ

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ ተመልሼ ያሰጣሁትን ልብስ ስሰበስብ፣ የእናቴ ነጠላ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። በጣቴ ስጠርገው እንደ ግራሶ ተለቀለቀ፤ የሚከረፋ የጭስ ሽታም ነበረው። እናቴ አስም ነበረባት። ያን ሰሞን ጋደም ማለት አቅቷት ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው።

ሽታው የሚመጣው ከግንቡ ማዶ ነው። እዚያ ከባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጣ በያጅ ብቻውን ይኖራል። ጭሱ የሚነሳው ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ጫት ይዘው በርጫ ሲቀመጡ ነው። ያጠራጠረኝም ይሄው ነው። የሚደብቀው ነገር ከሌለ ሰዓት ለምን ይመርጣል?

አንዲት ጎረቤታችን፣ "የተከለከለ ወረቀት ነው የሚያቃጥለው፤ ለቀበሌ ንገሪ። ኋላ አንቺንም ተባባሪ ነሽ ይሉሻል" አለችኝ።

ወረቀት እንደዚያ አይሸትም። ደግሞስ ራሷ ለምን አትናገርም? በዚያ ዘመን ለቀበሌ ሹክ የተባለበት ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ መመለሱን ግን ማንም አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷንም ተጠራጠርኳት።

እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ የጠቆረ ዕለት ግን ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው የላከሽ?" አለ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

"ማንም። እናቴ መተንፈስ አቃታት። ምንድነው የምታቃጥለው?" አልኩት። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ለአባትም አንተ ነው።

ከኋላዬ ያለውን መንገድ ካየ በኋላ አስገባኝ። ዙሪያውን የተበየደ በርሜል እሳት ላይ ተጥዷል። ከበርሜሉ የወጣው ቱቦ የውሃ ገንዳ ውስጥ አልፎ ጀሪካን ላይ ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል። ጥግ ላይ የተቆራረጠ ጎማና ያለቀ የላስቲክ ጫማ ተከምሯል።

"አይቃጠልም፣ ይበስላል" አለኝ። "አየር ካላገኘ ጎማ ዘይት ይወጣዋል። ናፍጣ ሲጠፋ ሾፌሮች ይፈልጉታል። ወላሂ ጭስ የለውም፤ ዝግ ነው።"

ይህን ሲል ከክዳኑ ጠርዝ ቢጫ ጭስ ይወጣ ነበር። በጣቴ አሳየሁት። ሊመልስልኝ ሲል ሳል ያዘው። ዓይኖቹ ቀልተው ያነባሉ።

"ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ" አለ በመጨረሻ። "አንቺም አላየሽም።"

"አላየሁም።"

ቃሉን ጠበቀ፤ ሦስት ቀን ጭስ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጠባቂዎቹ መጡ። በርሜሉን ጋሪ ላይ ጭነው እሱን ከኋላ አስከተሉት። በራችን ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። "እኔ አልተናገርኩም" ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ካልኩ ማወቄን ለጠባቂዎቹ መመስከሬ ነው። ወደ ውስጥ ገባሁ።

እናቴ ቀስ በቀስ ተሻላት፤ ጋደም ብላ መተኛት ጀመረች። እኔ ግን ፋብሪካም ሰፈርም ውስጥ ማን ተናግሮበት ይሆን እያልኩ የሰው ፊት ሳጠና ከረምኩ።

ከወራት በኋላ በያጁን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ስር አገኘሁት። ከስቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል። ሰላም አልኩትና፣ "እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"መች ጠየቅኩሽ?" አለኝ። መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጥግ ሄደ።