እውነተኛ ክብ

በዓይን ሕክምናው ወንበር ላይ የተቀመጡት የጂኦሜትሪ መምህር ጡረታ መውጣታቸውን ለኮታቸው የነገረው የለም፤ እጅጌው ዛሬም ጠመኔ እንደጠገበ ነው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት፣ በአንድ በኩል ክፍት ከሆኑት የዓይን መመርመሪያ ቀለበቶች ትልቁን ለይተው ካላዩ መነጽርም እንደማይረዳቸው ተነግሯቸዋል።

«አባባ፣ ቀለበቱ ክፍት የሆነው በየት በኩል ነው?» አለች ነርሷ።

መምህሩ አፈጠጡ። ድሮ በአንድ የእጅ ዙር ሰሌዳው ላይ ክብ ሲስሉ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋ ነበር። እሳቸው ደግሞ ደስታ አይወዱም። «ምን ያስጨበጭባችኋል፣ እናንተ ደነዞች! ጎኑ በዝቶ መቁጠር አቅቶን ነው እንጂ ይሄም ክብ አይደለም። እውነተኛ ክብ በዓለም ላይ የለም!» ይሉ ነበር።

«በየት በኩል ነው፣ አባባ?»

«ዙሪያውን ግጥም ያለ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ክብ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»