ማሳዋን ያላሳረሰችው ፉንሳንታ

በእኛ በሃኤን አውራጃ ኮረብታዎች ጎበዝ ገበሬ የሚባለው ከወይራ ዛፎቹ ሥር አንዲት ሳር የማትታይበት ነው። ማሳው እንደ ተጠረገ ግቢ ቀልቶ ሲታይ ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት የራሴንና የሰው ማሳ በትራክተሬ እያረስኩ ነው።

ፉንሳንታ ባሏ ሲሞት የቀራት ሦስት መቶ የወይራ ዛፍና ሊሳርዶ የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ አማት ነበሩ። በዚያው ዓመት እንደ ልማዴ ላርስላት ብሄድ በር ላይ መለሰችኝ።

"ኩስቶዲዮ፣ ከእንግዲህ አላሳርስም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አንተማ ምንም። አፈሩ እያለቀ ነው። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ተቀብሮ የነበረው የዛፍ ሥር ዛሬ መቀመጫ ሆኗል፤ አታይም?"

በዛፎቹ መሃል ገብስና ጓያ ዘራች፤ የበቀለውን ሳርም ተወችው። ሚያዝያ ሲገባ፣ ከዛፎቹ ጋር ውሃ እንዳይሻማ አጨደችና እዚያው አነጠፈችው። እኛ ወይራ ስንገርዝ ቅርንጫፉን ከምረን እናቃጥላለን፤ ኮረብታው ሳምንት ሙሉ በጭስ ይታፈናል። እሷ የእንጨት መፍጫ ማሽን ተከራይታ ቅርንጫፉን ፈጨችና ከዛፎቹ ሥር በተነችው።

"ዛፉ ከአየር ላይ ስንት ዓመት የሰበሰበውን በአንድ ቀን ጭስ አድርጌ አልመልሰውም" አለችኝ። "አፈሩ ይብላው።"

መጠጥ ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆነች። "ፉንሳንታ፣ ማሳሽ ውስጥ አንበሳ ገባ አሉ፤ እውነት ነው?" አላት አንዱ።

"አዎ፤ አንተን እየጠበቀ ነው" አለችው።

ቀልዱን ቻለችው። የከበዳት ምርቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀነሰ። ሽማግሌው አማቷ ከሃፍረት የተነሳ ሰው መሃል መውጣት ተዉ። አንድ ቀን እሷ ከተማ ስትሄድ ጠብቀው ቤቴ መጡ። "ማሳውን ቶሎ ገልብጥልኝ፤ ስትመለስ አልቆ ያግኛት" አሉኝ። እኔም ሥራ አጥቼ ነበርና ሄድኩ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትሮጥ አየኋት። መጥታ ከትራክተሩ ፊት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲህ እኔንም ጨምረህ እረስ!"

"ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ! አባባ ናቸው የላኩኝ።"

ሞተሩን አጠፋሁ። ሽማግሌው ከቤት ብቅ አሉ። ትጮህባቸዋለች ስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ አንድ ዓመት ብቻ ይጨምሩልኝ። ካልሆነ ትራክተሩን የምጠራው እኔው ራሴ ነኝ።" ሊሳርዶ ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው "ሂድ" አሉኝ።

በመስከረም ኃይለኛ ዝናብ መጣ፤ የዘነበው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የእኔን ማሳ ጎርፉ ሰንጥቆት አሥራ አንድ ዛፍ ይዞብኝ ወረደ። መንገዱ በአፈራችን ቀይ ጭቃ ሆነ። በማግስቱ ወደ ፉንሳንታ ማሳ ወጣሁ። ከታች በኩል ባለው ቦይ የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ ነው። የተበላሹት እኔ ያረስኳቸው ሦስት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ሊሳርዶ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይቆፍራሉ።

"ትል አለው" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ልጅ ሆኜ ነው እንዲህ ያለ አፈር ያየሁት።" ያን ቀን ማታ መጠጥ ቤት ገብተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምራቴ ልክ ነበረች" አሉ። እኚህ ሰውዬ ጥፋታቸውን ሲያምኑ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጠብ የሚል ዝናብ ጠፋ። የእኛ ዛፎች ቅጠላቸው ተጠቀለለ፤ የእሷ ግን ፍሬያቸውን ይዘው ቆዩ። ያኔ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። የሳቀባትም ጭምር። ለማንም ፊቷን አላጠቆረችም።

እኔ ማረሻዬን ሸጬ ማጨጃ ገዛሁ። አሁን የአሥራ ዘጠኝ ሰው ማሳ አጭዳለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የእሷን ሳጭድ ማጨጃውን በጣም ዝቅ አድርጌው ኖሮ ከኮረብታው አናት ላይ ጮኸችብኝ፤ "ኩስቶዲዮ! እጨደው እንጂ ላጨው አልኩህ?"

ማጨጃውን ከፍ አደረግኩት።