የሚሮጥ ሰው በሽተኛ ይባላል?

ስለ ስኳር በሽታ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በጥማት ይጀምራሉ። የእናቴ ግን በክር ጀመረ።

እናቴ ወይዘሮ ዝናሽ ላሊበላ ውስጥ ነጠላ ላይ መስቀል እየጠለፈች ለጎብኚ በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። የጥልፍ ሴት የምትመዘነው በጨርቁ ጀርባ ነው። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ ገልብጠው ሲያዩት ቋጠሮ የማይገኝበት ግን የእናቴ ሥራ ነበር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ነጠላ ላጥፍ ሳነሳ ጀርባው ዶሮ የጫረው መስሎ አገኘሁት።

«እማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ክሩ ነው። የዘንድሮ ክር ረክሷል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ስላላት ክሩን እኔ አስገባላት ጀመር። ጥማቱ ቀጥሎ መጣ። ጀሪካኑ ሳይመሽ ያልቃል፣ እሷም ለሽንት ደጅ ወጥታ ገብታ ሳትቀመጥ እንደገና ትወጣለች። ሰፈራችን የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ስትሰማ ወደ ሆስፒታል ላከችን።

ደሟን መረመሩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ያስረዳል።

«ስኳር ነው፣ እናቴ። ታይፕ ቱ ዳያቤቲስ ይባላል።»

«ዓይኔስ?» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

«አሁን የሚደበዝዘው የደምዎ ስኳር ከፍ ብሎ የዓይንዎ ሌንስ ስላበጠ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ ሲስተካከል ይመለሳል። ሳይስተካከል ከቆየ ግን ሬቲና የሚባለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል ይጎዳል። ያኛው አይመለስም።»

ሜትፎርሚን የሚባል ኪኒን አዘዘላት። ስኳር፣ ጠላና አረቄ እንዳትቀምስ ነገራት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል እንድትንቀሳቀስም መከራት።

«በእግሬ እሄዳለሁ እኮ። ላሊበላ ውስጥ ዳገት የማይወጣ ማን አለ?»

«እንግዲያው ፈጠን ይበሉ። ሶምሶማ ይሩጡ።»

እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትሮጥ የኖረች ሴት ናት። ለዓይኗ ስትል ግን በማግስቱ ማለዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። በእኛ አገር ትልቅ ሰው የሚሮጠው እሳት ሲነሳ፣ ሌባ ሲያመልጥ ወይም መርዶ ሲመጣ ነው። ገና ከመንደራችን ሳንወጣ ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ ብቅ አሉ።

«ዝናሽ! ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ! ለጤናዬ ነው!»

«ጤና ከሆንሽ ምን ያስሮጥሻል?»

እናቴ መልስ ለመስጠት አልቆመችም፣ አለመቆሟ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ዞረን ስንመለስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ደጃችን ሞልተዋል። ሁለቱ አልቅሰዋል። የሞተ ሰው እንደሌለ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተቆጡ እንጂ ደስ አላላቸውም። ያፈሰሱት እንባ ባለቤት አጣ።

«ዳግመኛ አልሮጥም፤ ከመታወር መሳቂያ መሆን ይብሳል» አለች እናቴ ቤት ስትገባ።

አይብስም አልኳት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ብቻዋን ከምትሮጥ ከሰው ጋር ብትሮጥ መርዶ አይመስልም ብዬ ወደ መምህር ጌታሁን ወሰድኳት። መምህር ጌታሁን የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ሲሆኑ ማለዳ ማለዳ ሜዳው ላይ የሚገናኝ የጤና ሩጫ ክበብ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። አባላቱ እንደ እናቴ ተራ ሰዎች ነበሩ። ቦርጩ ጎብኚ ፊት የሚያሳፍረው ምስጋናው የሚባል አስጎብኚ ነበረበት። ጉልበታቸውን የሚያማቸውና መቋሚያቸውን ተደግፈው ከኋላ ፈጠን ፈጠን የሚሉት የንስሐ አባታችን አባ ተክሌም ነበሩ። ጥቂት የሆቴል ሠራተኞችም ተጨምረዋል።

መምህሩ መጀመሪያ የእናቴን ኮንጎ ጫማ አይተው መለሷት። «የስኳር ሕመምተኛ እግሯ ከተላጠ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም» አሉ። ሸራ ጫማ ገዛች። በሜዳው ዙሪያ ትንሽ መሮጥ፣ ትንሽ መራመድ፣ መልሶ ትንሽ መሮጥ እያለች ለመደችው። እንዲያውም ወደደችው። ከጥቂት ወራት በኋላ አባ ተክሌን ዳገት ላይ ጥላ ማለፍ ጀመረች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ችግሩ ከሩጫው እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ችግሩ ከሩጫው በኋላ የሚሆነው ነበር። በመጀመሪያ ቀበሌው ክበቡ በአንድ ለአምስት ይደራጅ አለና ለዚያ ተሰበሰብን። ቀጥሎ ለክበቡ ስም፣ ከዚያም ለማልያው ቀለም ተሰበሰብን፤ ስብሰባው ከሩጫው ይረዝም ነበር። በመጨረሻ ምስጋናው ተነሣና «እንዲህ ተዋደን፣ እንዲህ ተሰባስበን ጽዋ አለመጠጣታችን ነውር አይደለም?» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሩጫው እንዳበቃ በየተራ ባለተራው ቤት ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። የሚሮጡትን ያህል መብላት ደንባቸው ሆነ።

እኔ እሑድ የማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበረኝ ድግሱ ላይ አልገኝም። ስትመለስ «ጠላ ጠጣሽ?» እላታለሁ። «በማርያም፣ አፌ አልነካውም» ትለኛለች። እውነቷን ነበር።

ለክትትል በሄድን ቁጥር ግን ስኳሯ አልወርድም አለ። ሐኪሙ ግራ ገባው።

«መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ስኳር አቁመዋል?»

«ከቤቴ አስወጥቻለሁ።»

«ይሮጣሉ?»

«እንዴታ!»

መቼስ ሐኪም የተነገረውን ነው የሚያክመው። ግሊቤንክላሚድ የሚባል ሁለተኛ ኪኒን ጨመረላት። ሲሰጣት «ይህን ውጠው ሳይበሉ እንዳይቆዩ» አላት። አንገቷን ነቀነቀች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ክበቡ የእሑዱ ድግስ እስከ ፋሲካ ይቅር ብሎ ወሰነ፣ ሩጫው ግን ቀጠለ። እናቴም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ ልትጾም ተነሣች። ተማጸንኳት፣ አልሰማችኝም። አባ ተክሌ ዘንድ ወሰድኳት።

«ዝናሽ፣ አንቺ ሕመምተኛ ነሽ። ጾሙን ፈትቼልሻለሁ፣ ብዪ» አሏት።

«አባ፣ እርስዎን ዳገት ላይ ጥዬዎት የማልፍ ሴት ምኔ ነው በሽተኛ? የሚሮጥ ሰው በሽተኛ ይባላል?»

አባ ሳቁ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ነገሩ በዚሁ ቀረ። እኔ በንዴት እንባዬ መጣ፤ ሁለቱ ግን እየሳቁ ስለ ዳገቱ ያወሩ ነበር።

የወደቀችው በዚያው ሳምንት መካከል ነው። ወደ አሸተን ማርያም በሚያስወጣው ዳገት ላይ።

ኪኒኗን ውጣለች። አልበላችም። ከፊቴ ትሮጣለች። ድንገት አረማመዷ ተንጋደደ። ደረስኩባት። ፊቷ በላብ ታጥቧል። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ክሩን አምጪው» አለችኝ። የምን ክር? አልኳት። ዓይኗ አየኝ እንጂ አላወቀኝም። ከዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ተጋደመች።

ምስጋናው ለእንግዶቹ የሚይዘውን ከረሜላ ከኪሱ አወጣ። ሁሉም ጮኸበት። «ስኳር አለባት! ልትገድላት ነው?» መልሶ ኪሱ ከተተው። አንዱ ጸበል ረጫት። ሌላው ሎሚ አሸተታት። መምህር ጌታሁን ስልካቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። ኔትወርክ የለም። እኔ ስሟን እጠራለሁ። ዓይኗን አትገልጥም።

ምስጋናው ሰው ሊጠራ ቁልቁል ሮጠ።

ቀጥሎ የሆነውን እሱ ራሱ ዛሬም ሲናገረው ይናደዳል። አንድ ሰው ሲሮጥ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በወራት ውስጥ ሯጭ ማየት ለምዶ ኖሯል።

«በርታ ምስጋናው! ዛሬስ ፈጥነሃል!»

«እርዱኝ፣ ሰው ወድቋል!» ይላል እያለከለከ።

«አይዞህ፣ አንተ አትወድቅም!»

ልጆች አብረውት ሮጡ። እትዬ ፈንታዬ ከደጃቸው ሆነው አጨበጨቡለት። የሚያደርገው ሲጠፋው ሩጫውን አቆመ። መንገዱ መሐል ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያኔ ሁሉም መጣ። ሲሮጥ ያልሰሙትን ሲቆም ሰሙት። ቃሬዛ ይዘው ወጡና እናቴን ተሸክመው ወደ ሆስፒታል አወረዷት።

ነርሷ የእናቴን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች። «ሃይፖግላይሴሚያ ነው፤ ስኳሯ በጣም ወርዷል» አለች። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጠቻት። ቆምኩ። ጠበቅሁ። የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«አንድ እግር ጫማዬስ?» አለች።

ከዳገቱ ላይ ቀርቶ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጥያቄ የጣመኝ ነገር የለም።

ሐኪሙ መጣ። አልጋዋ ዙሪያ ክበቡ ሙሉ ቆሟል።

«ይኼው መድኃኒት ከዚህ በፊት ስኳርዎን በቅጡ እንኳ አላወረደውም። ዛሬ እንዲህ የጣለዎት ለምንድን ነው? መጾሙ አንድ ነገር ነው። ሌላስ ምን ተለወጠ?»

አባ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድግሱ ቆመ እንጂ ምን ተለወጠ?»

«የምን ድግስ?»

«የሩጫው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሩጫ ድግስ?»

እናቴ ቶሎ ብላ ተናገረች። «እኔ ጠላ አልቀመስኩም! እርስዎ ከከለከሉኝ ወዲህ የምጠጣው ብርዝ ብቻ ነው። ሻዩንም በማር ነው።»

«ብርዝ ከምን ይሠራል፣ እናቴ?»

«ከማር ነዋ።»

«ስንት ትጠጣለች?» አለ ወደ ክበቡ ዞሮ።

«እኛ ሌላ የምንሰጣት ስለሌለን እናበዛላታለን» አለ ምስጋናው በኩራት። «የላስታ ማር መድኃኒት ነው።»

ሐኪሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲገልጠው በለሆሳስ ተናገረ። «ማር ስኳር ነው። ንብ ስለሠራችው አይለወጥም። እርስዎ በማር ስኳርዎን ሲሰቅሉ እኔ ኪኒን ጨመርኩ። ማሩም እህሉም ሲቀር ኪኒኑ ብቻውን ቀረ።» ወደ ምስጋናው ዞረ። «የሚገርመው ግን፣ ዛሬ ማላቡና መንቀጥቀጡ እንደጀመራት፣ መዋጥ እያቻላት፣ ያ ከረሜላ ቢሰጣት ኖሮ መድኃኒቷ እሱ ነበር።»

ምስጋናው ኪሱን ዳበሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም ረጅምና ጸጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ኪኒን ተነሥቶላት፣ ማሩም ከሻይዋና ከብርዙ ወጥቶ፣ ሰውነቷ ከውድቀቱ እስኪበረታ ድረስ በዝግታ እየተራመደች፣ ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማዋ ስትመለስ ስኳሯም እየወረደ መጣ። አባ ተክሌ ከዚያ ቀን ወዲህ አይስቁላትም፤ በጾም ወራት ማለዳ ደጃችን እየመጡ «በላሽ?» ብለው፣ በዓይናቸው ሳያዩ አይሄዱም። ክበቡ የእሑድ ጽዋውን እንዲተው ብለምንም ማኅበር አይፈርስም ብለው እንቢ አሉኝ፤ ይልቁንም እናቴን የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ አድርገው መረጧት፣ እሷም በተሾመች ቀን ብርዙን አስቀርታ በባቄላ አሹቅና በውኃ ተካችው፣ ምስጋናውም እስከ ዛሬ ያማታል። ደሴ ወስጄ የዓይኗን ሬቲና አስመረመርኳት፤ ጉዳት አልተገኘበትም፣ በየዓመቱ ግን መታየት አለባት ተባልን። እናቴ አሁን ስትሮጥ በነጠላዋ ጫፍ ከረሜላ ቋጥራ ነው፤ የክበቡም ሰው ሁሉ የቱ ጫፍ እንደሆነ ያውቃል።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስኳር ካለባቸው፣ ከእኔ ድካም የሚጠቅማችሁ ካለ ይህ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የተከለከለውን መተዋቸውን ብቻ ሳይሆን በምትኩ ምን እንደጀመሩ ንገሩት። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ እንዳይሮጥ፤ ጾምን በተመለከተ ሐኪሙም የንስሐ አባቱም አንድ ቃል ይናገሩ። ክበብ ካላችሁ፣ መሮጥ የቻለ ሰው ድኗል ብላችሁ አትዘናጉ። የሚሮጥ ሰውም በሽተኛ ይባላል። አያሳፍርም። ለሐኪሙ፣ ለነርሷ፣ ቃሬዛውን ለተሸከሙት፣ ብዙ ላናደደኝ ክበብም ምስጋናዬ የበዛ ነው።

እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ እዚህም ከተማሪዎች ጋር መሮጥ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ከላሊበላ የመጣ ሾፌር ጥቅል ሰጠኝ። ነጠላ ነበር። ፊቱን ሳላይ ገለበጥኩት። በብርሃን ያዝኩት። ጀርባው ላይ አንድም ቋጠሮ አላገኘሁም። ክሩን መርፌው ውስጥ ማን አስገባልሽ ልላት ደወልኩ።

«ማን ያስገባልኛል? እኔው ነኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ጫፉን አይተሻል?» አለች።

ጫፉ ተቋጥሯል። ፈታሁት። ከረሜላ ነው።

«እማ፣ እኔ ስኳር የለብኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ከጎንሽ የሚሮጠውን ግን ታውቂዋለሽ?»

መልሼ ቋጠርኩት።